የአምስት መቶ ሰው ከንቲባ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ኋላ ግራ እንዳትጋቡ ከወዲሁ ልናገር ብዬ ነው።

በውስጥ መስመር ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። «መምህር፣ ድምፅ መስጠት ምን ይፈይዳል? ማንም ቢመረጥ እኛ ዘንድ የሚቀየር ነገር የለም» ይሉኛል። ጠያቂዎቹ ብዙዎቹ አሜሪካ ያሉ ልጆች ናቸው። ዜግነት ወስደዋል፤ የምርጫ ካርዱ ቤታቸው ድረስ ይመጣል፤ እነሱ ግን አይሄዱም። ለዚህ ጥያቄ በአንድ አረፍተ ነገር መመለስ አልወድም። ታሪክ አስተማሪ ነኝና በታሪክ ልመልስ።

የአሜሪካ ታሪክ ሲነሳ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ፕሬዚዳንቶቹ ነው። ሊንከን፣ ሩዝቬልት፣ ኬኔዲ። እኔ ዛሬ የማወራችሁ አምስት መቶ ያህል ነዋሪ ስለነበራት ከተማ ከንቲባ ነው። አዎ፣ አምስት መቶ! እኔ ካስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ያነሰ ሕዝብ ማለት ነው። ከተማዋ ሜየርስቪል ትባላለች፣ ሚሲሲፒ ግዛት ውስጥ። ከንቲባዋ ዩኒታ ብላክዌል።

መጀመሪያ አገሩን እንየው። «ሚሲሲፒ ዴልታ» ሲባል ወንዙ ባሕር የሚገባበት ቦታ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። በሚሲሲፒና በያዙ ወንዞች መካከል የተዘረጋ፣ ጎርፍ ለሺህ ዓመታት ደለል ሲያለብሰው የኖረ ሜዳ ነው። አፈሩ ጥቁር፣ ለጥጥ የተፈጠረ የሚባል ዓይነት። ጥጥ ደግሞ በዚያ ዘመን እጅ ይፈልጋል፤ እጁ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ሜየርስቪል የምትገኝበት ኢሳኩዊና ካውንቲ በ1860 ሕዝብ ሲቆጠር 7,831 ሰው ነበረበት። ከነዚህ ውስጥ 7,244ቱ ባሪያዎች ነበሩ። ከመቶ ዘጠና ሁለት በላይ ማለት ነው፤ በመላው አሜሪካ ከፍተኛው ድርሻ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ባርነት በሕግ ቀረ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ጥቁሮች መረጡ፣ ተመረጡም። ከዚያ በ1890 ሚሲሲፒ አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀችና በሩ ተዘጋ። «ጥቁር አይመርጥም» የሚል አንቀጽ አልጻፉም፤ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ይከለክላቸዋል። ያደረጉት ሌላ ነገር ነው። ግብር ክፈል አሉ፤ አንብብ፣ ያነበብከውንም አስረዳ አሉ። አስረድተሃል ወይስ አላስረዳህም ብሎ የሚፈርደው የካውንቲው መዝጋቢ ብቻ ነው። ይህ ዘዴ ከሰባ ዓመት በላይ ሠራ። በ1964 መግቢያ ላይ በሚሲሲፒ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ጥቁሮች ውስጥ የተመዘገቡት ከመቶ ሰባት እንኳ አይሞሉም ነበር።

ዩኒታ የተወለደችው በዚህ ዓለም ነው፤ መጋቢት 18 ቀን 1933፣ ሉላ በምትባል ትንሽ የዴልታ ከተማ። ወላጆቿ የሰው መሬት አርሰው ምርቱን ከባለቤቱ ጋር የሚካፈሉ ነበሩ። በኛ ቋንቋ ጭሰኛ ብንላቸው ብዙም አንሳሳትም። ዘርና መሣሪያ ከጌታው ሱቅ በዱቤ ይወሰዳል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳቡን የሚሠራው ጌታው ነው። ብዙ ጊዜ አራሹ ዓመት ሙሉ ለፍቶ ባለዕዳ ሆኖ ይወጣል። ዩኒታ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ከጌታው ጋር ተጋጭቶ፣ ለሕይወቱ ፈርቶ ወደ ሜምፊስ ሸሸ።

ስሟ ራሱ ታሪክ አለው። ሲወልዷት ያወጡላት ስም «ዩ.ዜድ.» ነበር፤ በቃ ሁለት ፊደል። ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ አስተማሪዋ «ፊደል ብቻ ስም አይሆንም፣ ሙሉ ስም ያስፈልግሻል» አለቻትና አብረው «ዩኒታ ዜልማ» የሚለውን መረጡ። አስተማሪ ነኝና ይህቺን ሳነብ ደስ ብሎኛል።

ትምህርቱ ግን ከባድ ነበር። በእርሻው ላይ ያሉ ጥቁር ልጆች በአንድ ጊዜ ሁለት ወር ያህል ይማሩና ወደ ጥጡ ይመለሳሉ። የትምህርት ካሌንደሩን የሚያወጣው ጥጡ ነው ማለት ይቻላል። እናቷ ይህ አላስቻላትም። ወንዙን ተሻግራ አርካንሳስ ውስጥ ዌስት ሄለና ዘመድ ቤት ልጆቿን አስገባች፤ እዚያ ዓመቱን ስምንት ወር ይማራሉ። ዩኒታ በዚህ መንገድ ስምንተኛ ክፍል ጨረሰች። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነበር። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቆመ፤ ጥጥ መኮትኮት፣ ጥጥ መልቀም። ቀኑን ሙሉ ኮትኩታ የምታገኘው ሦስት ዶላር ነበር።

አገባች፣ ወንድ ልጅ ወለደች። የባሏ አያት ሲሞቱ ሜየርስቪል ውስጥ ትንሽ የእንጨት ቤት አወረሷቸው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሌላው ሁሉ የሚኖረው ጌታው በሰጠው ጎጆ ነው፤ ጌታው «ውጣ» ካለ በዚያው ቀን ይወጣል። እነዚህ ባልና ሚስት ግን የራሳቸው ጣሪያ አላቸው። ቤቱ ትንሽ ነው፣ ግን ማንም አያስወጣቸውም። በኋላ የመጣውን ነገር ሁሉ ሳስብ ያለዚያ ቤት እንዴት ይሆን ነበር እላለሁ።

1964 የበጋ ወራት። ታሪክ «ፍሪደም ሰመር» የሚለው ጊዜ ነው። ከሰሜን የመጡ ተማሪዎችና የደቡብ ወጣት ታጋዮች ሰዉን ለምርጫ ለማስመዝገብ ሚሲሲፒ ገቡ። ብዙዎቹን ያስተባበረው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ስኒክ የሚባለው የተማሪዎች ድርጅት ነው። ገና ሥራው ሲጀመር፣ ሰኔ 21፣ ሦስት ወጣቶች ተገደሉ፤ ቼኒ፣ ጉድማንና ሽወርነር። አስከሬናቸው የተገኘው ከስድስት ሳምንት በኋላ በአፈር ግድብ ውስጥ ተቀብሮ ነው። ሰዉ ይህን እየሰማ ነው እንግዲህ «ማን ይመዘገባል?» ሲባል እጁን የሚያወጣው።

ሜየርስቪል ውስጥ እጃቸውን ካወጡት አንዷ ዩኒታ ናት፤ የሰላሳ አንድ ዓመት ሴት፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት የምታስተምር። ከሰባት ሰዎች ጋር ወደ ካውንቲው ፍርድ ቤት ሄደች። ወሬው ሲሰማ የአካባቢው ነጭ ገበሬዎች መጥተው ከበቧቸው። ቀኑን ሙሉ እዚያው ቆሙ፤ አልሸሹም። ከስምንቱ ለፈተናው የገቡት ሁለት ብቻ ነበሩ። ዩኒታ በዚያ ዙር አልተሳካላትም።

በማግስቱ እሷም ባሏም ከሥራ ተባረሩ። ወሬው ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ እስከ ጥጡ እርሻ ለመድረስ አንድ ሌሊት በቃው። ከዚያ በኋላ የኖሩት ከጓሮ በሚያገኙት አትክልት፣ ጎረቤት በሚያቀብላቸው ድስት ባቄላ፣ ስኒክ አልፎ አልፎ በሚልከው ጥቂት ዶላርና ባሏ በዓመት ለጥቂት ወራት በሚያገኘው የወንዝ ሥራ ነበር። ቤቱን ግን ማንም ሊነጥቃቸው አልቻለም።

እሷስ? ተመልሳ ሄደች። ደግሞም ተመለሰች። በሦስተኛው ፈተና አለፈች። ሥራ ካጣች በኋላ ደግሞ ለስኒክ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ሆነችና ሌሎችን ማስመዝገብ ጀመረች። አለቃዋ ሲያባርራት ነፃ ጊዜ ሰጣት ማለት ነው!

በዚያው ክረምት ነሐሴ ላይ አትላንቲክ ሲቲ፣ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ። ከሚሲሲፒ የመጣው ኦፊሴላዊ ልዑክ ነጮች ብቻ ያሉበት ነው። ጥቁሮቹ የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ፤ «የሚሲሲፒ ፍሪደም ዴሞክራቲክ ፓርቲ»። 68 ልዑካን ላኩ፤ ዩኒታ አንዷ ናት። ፋኒ ሉ ሄመር በካሜራ ፊት ቀርባ እስር ቤት ውስጥ የደረሰባትን ድብደባ ስትናገር፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የቴሌቪዥኑን ትኩረት ለመሳብ ድንገተኛ መግለጫ ጠሩ። አልጠቀማቸውም፤ ማታ ዜናዎቹ የሄመርን ቃል ደገሙት። በመጨረሻ «ሁለት ወንበር እንስጣችሁ» ተባሉ። አንቀበልም አሉ። ባዶ እጃቸውን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ግን በ1968 ጉባኤ ነጭ ብቻ የሆነው ልዑክ ተሰናብቶ ጥቁርና ነጭ ያለበት ልዑክ ተቀመጠ። ዩኒታም በኋላ የዚያው የግዛቱ ፓርቲ ምክትል ሊቀመንበር ሆናለች።

በነዚህ ዓመታት ስንት ጊዜ ታሰረች መሰላችሁ? ሰባ ጊዜ ያህል። በደጇ መስቀል ተቃጥሏል። እንዲያም ሆኖ ልጇ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ቀጣዩ ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በ1965 መጀመሪያ የካውንቲው ጥቁር ተማሪዎች የስኒክን አርማ የያዘች ትንሽ ባጅ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ትምህርት ቤት ሄዱ። በአርማዋ ላይ ጥቁርና ነጭ እጅ ተጨባብጠው ይታያሉ። ከሦስት መቶ ያላነሱ ተማሪዎች ታገዱ። የዩኒታ ልጅ አንዱ ነበር። ወላጆች ከሰሱ፤ መዝገቡ የተከፈተው በብላክዌል ስም ነው። ጉዳዩ በ1966 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሲታይ ስለ ባጁ ተረቱ፤ ፍርድ ቤቱ «ባጁ ትምህርቱን አውኳል» አለ። ነገር ግን ክሱ ሌላም ነገር ይዞ ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹ ጥቁርና ነጭ እየለዩ ማስተማራቸውን እንዲያቆሙ። በዚህኛው ረቱ። ልብ በሉ፤ የትምህርት ቤት ልዩነት ሕገ ወጥ ነው የሚለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የተሰጠው በ1954 ነው። ኢሳኩዊና ለመድረስ አሥራ አንድ ዓመትና አንዲት የከሰሰች እናት አስፈልጎታል። የሕግ ተማሪዎች ይህን መዝገብ ሊያውቁት ይችላሉ፤ በ1969 የተማሪዎችን ሐሳብ የመግለጽ መብት በወሰነው የቲንከር መዝገብ ውስጥ ተጠቅሷል።

በዚያው በ1965 ነሐሴ 6 የመምረጥ መብት ሕግ ተፈረመ። የንባብ ፈተናው ቀረ፤ የፌዴራል መዝጋቢዎች ወደ ደቡብ ተላኩ። በ1967 ሚሲሲፒ ውስጥ የተመዘገቡት ጥቁሮች ከመቶ ስድሳ ገደማ ደረሱ። ከሰባት ያነሰው በሦስት ዓመት ስድሳ!

ብዙ መጻሕፍት እዚህ ላይ ጨርሰው «ድል ሆነ» ይላሉ። የዩኒታን ሕይወት የወደድኩላት ከዚህ በኋላ ባለው ነው።

የምርጫ ካርድ ኪስ ገባ። ቤቱ ግን ያው ያዘመመ ጎጆ ነው። ውሃ የለም። መንገዱ ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲደርቅ አቧራ። እንዲያውም ብሶ ነበር፤ የጥጥ መልቀሚያ ማሽንና የአረም መድኃኒት መጡና ጌቶቹ የሰው እጅ አያስፈልገንም አሉ። ተመዝጋቢውም ሥራ ያቆመውም እየተነቀለ ድንኳን ውስጥ ከረመ። በጥር 1966 መጨረሻ የተፈናቀሉ ሰዎች ግሪንቪል ከተማ አጠገብ ያለ ባዶ የአየር ኃይል ሰፈር ገብተው ተቀመጡ። ርቦናል፣ በርዶናል፣ ሥራም መሬትም የለንም፣ እዚህ ደግሞ ባዶ ቤት ሞልቷል ነው የሚሉት። ከቃል አቀባዮቹ አንዷ ዩኒታ ነበረች። በማግስቱ የአየር ኃይሉ ጠባቂዎች እያነሱ አወጧቸው።

እኔ እንደማየው ሕይወቷ የታጠፈው እዚህ ላይ ነው። ከ1967 ጀምሮ ከኔግሮ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት ጋር የመኖሪያ ቤት ሥራ ውስጥ ገባች። ምክር ቤቱን የሚመሩት ዶሮቲ ሃይት ነበሩ። ፕሮግራሙ እንዲህ ነው፤ መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ቤት ይሠራል፣ ነዋሪው ቤቱን ራሱ ይጠግናል፣ ይንከባከባል፤ የጉልበቱ ዋጋ እየታሰበለት ውሎ አድሮ ባለቤት ይሆናል። ዩኒታ በየከተማው እየዞረች ይህን ለሰዎች ታስረዳለች፣ ቅጽ ትሞላለች፣ ከባለሥልጣን ጋር ትከራከራለች። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰችው ሴት የቤቶች ሕግ በቃሏ መጥቀስ ጀመረች።

እዚያ የተማረችው አንድ ቁም ነገር አለ። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ለሰው አይሰጥም፤ ለተቋም ነው። ለውሃ ገንዘብ ይኖራል፣ ለቤት ገንዘብ ይኖራል፤ ጥያቄው ማን ያመልክት የሚለው ነው። ሜየርስቪል በካርታ ላይ አለች፣ የካውንቲው ዋና ከተማም ናት፤ ግን ሕጋዊ ሰውነት ያላት ከተማ አልነበረችም። ከንቲባ የለም፣ ምክር ቤት የለም፣ ማኅተም የለም። በሕግ ዓይን እዚያ የሚኖሩት ሰዎች የተበተኑ ግለሰቦች ናቸው። ዩኒታና ጎረቤቶቿ ከተማዋን በሕግ እንድትቋቋም አደረጉ። በ1976 ደግሞ ከንቲባ አድርገው መረጧት።

በሚሲሲፒ ታሪክ ከንቲባ የሆነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። በወንዶቹ በኩል ቻርልስ ኤቨርስ በ1969 ፌየት በምትባል ከተማ ተመርጦ ነበር፤ ወንድሙ ሜድጋር ኤቨርስ በ1963 ደጃፉ ላይ የተገደለው ታጋይ ነው። የዩኒታን ልዩ የሚያደርገው ቦታው ነው። ለመመዝገብ ሄዳ የተከበበችበት የፍርድ ቤት ደጃፍ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ ከንቲባ ሆና ስትዘዋወር አስቡት።

ከንቲባ ሆና ምን ሠራች? ትልቅ ንግግር የምትጠብቁ ከሆነ ታዝናላችሁ። የቧንቧ ውሃ አስገባች። የፍሳሽ መስመር አስዘረጋች። መንገድ አስነጠፈች፣ የመንገድ መብራት አስተከለች። ፖሊስና እሳት አደጋ አቋቋመች። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ጭምር የሚሆኑ በመንግሥት ድጋፍ የተሠሩ ቤቶችን አመጣች፤ በዚያ ካውንቲ እንዲህ ዓይነት ቤት ሲሠራ የመጀመሪያው ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ይኸው ነው» ስል ግን ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። በ7,831 ሰው ውስጥ 7,244ቱ ባሪያ የነበሩበትን ካውንቲ አስታወሳችሁ? ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ቧንቧ ከፍተው ውሃ የጠጡት እሷ ባመለከተችው ማመልከቻ ነው። ውሃ የምትቀዳ ሴት በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሄድባት፣ ፍሳሽ በሌለበት ሰፈር ሕፃን ስንት ጊዜ እንደሚታመም ከእናንተ ውስጥ ብዙዎቻችሁ አድጋችሁበት ታውቁታላችሁ። እኔ አላስረዳም።

አንድ ነገር ደግሞ ታዘብኩ። እሷ የምታውቀውና በቂ ነው ብላ አልተቀመጠችም። ከንቲባ እያለች፣ ዕድሜዋ ሃምሳ ሊሞላ ሲል፣ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ገባች። ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰች፣ የመጀመሪያ ዲግሪ የሌላት ሴት፣ ለገጠር መሪዎች በተዘጋጀ ፕሮግራም በኩል በ1983 በክልላዊ ፕላን የማስተርስ ዲግሪዋን ያዘች። ተማሪዎቼ፣ «አሁንማ አረጀሁ» የምትሉኝ፣ እየሰማችሁ ነው?

ትንሽ ከተማ ናት ብላ ከዓለም አልተደበቀችም ደግሞ። በ1973 ተዋናይት ሸርሊ ማክሌን ካሰባሰበቻቸው ሴቶች ጋር ቻይናን ጎበኘች፤ ቻይና ገና ለአሜሪካውያን በሯን መክፈት የጀመረችበት ጊዜ ነው። በኋላም ለስድስት ዓመታት የአሜሪካና የቻይና ሕዝቦች ወዳጅነት ማኅበርን በፕሬዚዳንትነት መርታለች፤ ቻይና የሄደችው ከአሥር ጊዜ በላይ ነው። በ1979 ፕሬዚዳንት ካርተር ስለ ኃይል ችግር ካምፕ ዴቪድ ላይ ሲመክሩ ከጋበዟቸው አንዷ እሷ ነበረች። የጥቁር ከንቲባዎች ብሔራዊ ጉባኤንም መርታለች። የትልልቆቹ ከተሞች ከንቲባዎች የተሰበሰቡበትን ማኅበር የሜየርስቪሏ ሴት ስትመራው አስቡ! በ1992 ደግሞ «የሊቆች ሽልማት» እየተባለ የሚጠራውን የማካርተር ሽልማት አገኘች።

አሁን ሌላውን ወገን ልንገራችሁ፤ ታሪክ ሳስተምር ማሩን ብቻ ቀምሳችሁ እንድትሄዱ አልፈልግም።

ሁሉ አልተሳካላትም። በ1993 ለኮንግረስ ተወዳድራ ተሸነፈች። ከዚያ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ከተማዋ አላደገችም። ውሃው ገባ፣ ቤቱ ተሠራ፣ ሥራ ግን አልመጣም። ጥጡን ማሽን ወሰደው፤ በምትኩ ፋብሪካ አልቆመም። ወጣቶቹ ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄዱ። በ2020 ሕዝብ ሲቆጠር በመላው ኢሳኩዊና ካውንቲ የተገኘው ከ1,400 ያነሰ ሰው ነው። ከ1860ው አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ካውንቲው ዛሬም ከግዛቱ ድሆች አንዱ ነው።

ታዲያ ምን ትርጉም አለው? ይህን ጥያቄ ብዙ አስቤበታለሁ። ከንቲባ የዓለምን የጥጥ ዋጋ አይወስንም፤ ማሽኑን አያቆምም። የአንድ ትንሽ ከተማ ሥልጣን ልኩ ይታወቃል። በዚያ ልክ ውስጥ ያለውን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠራችበት። የቀሩት አረጋውያን የቀሩት በጭቃና በጨለማ ውስጥ አይደለም። የሄዱትም ወጣቶች ያደጉት ውሃ ባለበት ቤት ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት ይህን ሳያዩ ነው ያለፉት። ይህ ትንሽ ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ አንድ ሳምንት ውሃ ሲጠፋበት ደውዬ እጠይቀዋለሁ።

በ2001 ከሥልጣን ወረደች። በ2006 የሕይወት ታሪኳን ከአንዲት ጸሐፊ ጋር ሆና አሳተመች። የመጨረሻ ዓመታቷ ከባድ ነበሩ፤ የመርሳት በሽታ ያዛት። ያን ሁሉ ያስታወሰች ሴት ማስታወስ አቃታት። ግንቦት 13 ቀን 2019 በሰማንያ ስድስት ዓመቷ አረፈች። ነፍሷን በገነት ያኑርልን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። «ድምፅ መስጠት ምን ይፈይዳል?»

አሜሪካ ላላችሁት መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። እዚያ አገር ዜግነት ስትወስዱ ለመመዝገብ የሞላችሁት አንድ ቀላል ቅጽ ነው። ማንም ሕገ መንግሥቱን አንብቡና አስረዱኝ አላላችሁም፤ ማንም በማግስቱ ከሥራ አላባረራችሁም። ያ ቅጽ እንዲቀል ሰባ ጊዜ የታሰረች ሴት አለች። ከዚህም አልፎ፣ የብዙዎቻችሁን የአሜሪካ መንገድ የከፈተው የስደተኞች ሕግ የተፈረመው በዚያው በ1965 ጥቅምት ላይ ነው፤ የመምረጥ መብቱ ሕግ በወጣ በሁለት ወሩ፣ በዚያው ፕሬዚዳንት እጅ። ሰውን በዘሩና በትውልድ አገሩ እየለዩ መመዘን ነውር ነው የሚል መንፈስ ያንን ምክር ቤት ገፋው፤ ያን መንፈስ በጎዳናና በእስር ቤት ያመጡት እነማን እንደነበሩ አሁን ታውቃላችሁ። እንግዲህ እኛም በሩቁ ባለዕዳዎቿ ነን።

ሁለተኛ። «የሚቀየር ነገር የለም» ስትሉ የምታዩት ላይ ላዩን ነው። ፕሬዚዳንቱን፣ ጩኸቱን፣ የቴሌቪዥኑን ክርክር። ዩኒታ ካርዱን አገኘች፤ ካርዱ ብቻውን ቤት እንደማይሠራ አየች፤ ወደ ታች ወርዳ ቤት የሚሠራው የት እንደሆነ ፈለገች። ያገኘችው ከተማ ማቋቋሚያ ወረቀት ውስጥ፣ የውሃ ማመልከቻ ውስጥ፣ ማንም በማይሄድበት የማታ ስብሰባ ውስጥ ነው። ከናንተ ውስጥ ስንቶቻችሁ የከተማችሁን ከንቲባ ስም ታውቃላችሁ? የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ቦርድ የሚመርጠው ማን እንደሆነስ? በእንዲህ ዓይነት ምርጫ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ልዩነቱ አንዳንዴ በጣት የሚቆጠር ድምፅ ይሆናል። የአንድ ቤተሰብ ድምፅ ሚዛን የሚደፋው እዚያ ነው።

ሦስተኛ፣ የመጨረሻው። ዩኒታ ፈተናውን በመጀመሪያው ቀን አላለፈችም። አትላንቲክ ሲቲ ላይ ወንበር አላገኙም። ስለ ባጁ ተረቱ። ከአየር ኃይሉ ሰፈር ተወረወሩ። ዝርዝሩን ብታዩት ሽንፈት ይበዛዋል። ግን ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ በማግስቱ የት እንደምትገኝ ታወቀ፤ ሥራው ላይ። አያቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ሳይሆን አይቀርም።

እስቲ እናንተ ደግሞ ንገሩኝ። ባላችሁበት ከተማ ማንም የማያውቀው፣ ግን ውሃውን፣ መንገዱን፣ ትምህርት ቤቱን ያቀና ሰው አለ? በህይወት ካለ፣ አንድ ቀን ሄዳችሁ አመስግኑልኝ።